በስሟ የተጻፉ አምስት መስመሮች

ደብተሩ ጀርባው ሰማያዊ፣ ረጅምና ጠንካራ ነበር። በማስመሪያ ያሰመርኩት ራሴ ነኝ። ቀን፣ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የተነሣው የሰውነት ክፍል፣ ከዚያ በቀኝ ዳር የሲቲ ስካን ማሽኑ ከእያንዳንዱ ምርመራ በኋላ በስክሪኑ ጥግ የሚያወጣቸው ሁለት ቁጥሮች። አንደኛው ጨረሩ በአንድ ቦታ ላይ ምን ያህል እንደበረታ ይናገራል። ሁለተኛው ያ ጨረር ስንት ስንዝር ሰውነት ላይ እንዳረፈ ደምሮ የታማሚውን ድርሻ ያሳውቃል። ስርዝ ድልዝ አልወድም። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ የሻይ ብርጭቆውን ደብተሩ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ክቡ ሽፋኑ ላይ ታትሞ ቀረና ቀኑን ሙሉ አኮረፍኩት። ውሃ ቀጠነ ብዬ የምጣላ ሰው መሆኔን ከመጀመሪያው የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራው ጥፋት ሁሉ ከዚሁ ጠባዬ ስለመጣ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ካርቱም፣ ዴም የሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። አባቴ በሹፌርነት መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነበር። የተማርኩት በዓረብኛ፣ አማርኛዬን ያገኘሁት ከእናቴና ከቤተ ክርስቲያን ነው። የምሠራበት የግል የምርመራ ማዕከል ከዴም በረክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው፤ እዚያ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ ሳል የጠናበትም፣ ሆዱን የቆረጠውም ያገሬ ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «ያቺ የእኛ ልጅ አለች?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ነጭ ጋዎኔን ለብሼ ወጥቼ «ግባ፣ ግቢ» ስል ቁመቴ የጨመረ ይመስለኛል።

ከደብተሩ በፊት ለዓመታት የሠራሁት ሥራ ትክክል አልነበረም። ወፍራም መጣ፣ ቀጭን መጣ፣ ማሽኑን የማስተካክለው በአንድ ልክ ነበር፤ ከፍ ባለው። ጨረሩ ሲበዛ ምስሉ ጥርት ይላል፤ ምስሉን የሚያነበው ሐኪምም «ዛሬ አሳምረሻል» ይላል። ከዚያ ላይ ደግሞ የእኛ ሰው ጠባይ አለ። «ከመጣሁ አይቀር ሁሉንም አንሺኝ፣ እህቴ» ይሉኛል። ወረቀቱ ሆድ ብቻ ይላል፤ እኔ እግረ መንገዴን ደረቱንም አነሣለሁ። ለወገን ቆንጥሮ መስጠት ነውር መስሎኝ፣ ጨረሩን እንደ ወጥ እየጨለፍኩ እጨምር ነበር። ሁሉም መርቀውኝ ይወጣሉ።

ይህን ያስተወኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነው። ፀጉሩ ሸብቶ፣ የሸሚዙን እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ ሁለት ግልጽ የፕላስቲክ ግንዶች በጋሪ እያስገፋ የማሽናችንን ጨረር ሊለካ መጣ። አንደኛው የሰው ራስ ያህላል፣ ሌላው የሰው ሆድ ያህላል። ትልቁን አልጋው ላይ አስተኝቶ፣ በፕላስቲኩ ቀዳዳ እስክሪብቶ የምትመስል መለኪያ አስገባና «ያ ዶክቶራ፣ ሰው ነው ብለሽ አንሺው» አለኝ፤ አንቺ ዶክተር ማለቱ ነው። አነሣሁት። ንባቡን አየና ወረቀቱ ላይ ጻፈው። ከዚያ ከፕላስቲኩ በፊት አልጋው ላይ የተኛው ማን እንደነበር ጠየቀኝ። የቀን ሥራ እየሠራ የስደት መንገድ የሚጠባበቅ ሃያ ዓመት ያልሞላው ያገሬ ልጅ ነው፤ ጎድን አጥንቱ ይቆጠራል አልኩት።

«ስክሪንሽ ላይ ያለው ቁጥር የዚህ ፕላስቲክ ቁጥር ነው» አለኝ። «ልጁ ከፕላስቲኩ ይቀጥናል። ስለዚህ እሱ የወሰደው ከተጻፈው ይበልጣል። ቁጥር ስትጽፊ አልጋው ላይ የተኛው ማን እንደሆነ አትርሺ።»

በመጀመሪያ ተናደድኩ፤ በሰው ፊት የተሰደብኩ መሰለኝ። ከዚያ ግን ከሰዓቱን ሙሉ አብረን ተቀምጠን ማሽኑን ዝቅ፣ ዝቅ እያደረግን አየነው። ከምሰጠው ጨረር ግማሹን ቀንሰንም ምስሉ ይነበባል። ትንሽ ሸካራ ይሆናል እንጂ ይነበባል። ያ ሁሉ ትርፍ ለሐኪሙ ዓይን ማማር ብቻ የተሰጠ ነበር። አንድ ጊዜ መነሣት ብዙም እንደማይጎዳ፣ እየተደመረ ሲሄድ ግን ከዓመታት በኋላ ካንሰር የመምጣት ዕድሉን ከፍ እንደሚያደርግ በትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፤ ተምሬ ተውኩት። የዚያን ቀን ቤቴ ስገባ «አንሺኝ» እያሉ የመረቁኝ ሰዎች ፊት እየመጣ እራቴን አስተወኝ።

በማግሥቱ ደብተሩን አመጣሁ። ደግሞም እንደ ጠባዬ፣ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም። ሰው ከሐኪም ሐኪም ሲዞር አዲሱ ሐኪም ሁሉ አዲስ ስካን ያዛል፤ የቀድሞው ፊልም አልጋ ሥር በፖስታ ተቀምጦ። ይህን ለማስቆም አንድ ሕግ አወጣሁና ሙዲሩን፣ ማለት ሥራ አስኪያጃችንን፣ ጨቅጭቄ አስፈረምኩት። በአንድ ዓመት ውስጥ ስሙ ከሦስት ጊዜ በላይ ደብተሩ ላይ የተገኘ ሰው በቀይ ይሰመርበታል፤ ቀይ የተሰመረበት ሰው፣ ያዘዘው ሐኪም ራሱ ደውሎ ለምን እንደሚያስፈልግ ካላስረዳ፣ ሕይወቱ አሁኑኑ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር አልጋው ላይ አይወጣም። ባልደረባዬ ሱዳናዊ ነው፤ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ታዛዥና ጥንቁቅ ሰው። «አል-ሚዛን» የሚል ስም አወጣልኝ፤ ሚዛኗ ማለቱ ነው። ቢያሾፍም ሕጉን ከእኔ አጥብቆ ይጠብቅ ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላት፤ በእኔና በእሷ መካከል አሥር ዓመት ቢኖር ነው። ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንድ ቤት ሠራተኛ ሆና የአሠሪዎቿን ልጆች አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች፣ ዴም የተከራየቻት አንዲት ክፍል ያለቻት ሴት ነበረች። አሠሪዎቿ ደግ ነበሩ፤ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዷን ማለቴ ነው፣ ቀኑ ሳያልፍ ያሳድሱላታል። በዴም ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ፖሊስ በከሻ፣ በአፈሳው ማለት ነው፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ኢቃማ ያለው በመሃል መንገድ ይሄዳል፤ የሌለው ቤቱ ተከርችሞ ይውላል። እትዬ ያቺን ካርድ የራሷ ብቻ አድርጋ አታያትም ነበር። መንገድ የምትወጣ ልጅ ስትለምናት ትሰጣለች። ሐኪም ቤት የምትሄድ ስትለምናትማ ካርዱን ሰጥታ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ረክሻ እስከምታገኝ አብራ ቆማ ትሸኛለች።

እኛ ጋ ያለ መታወቂያ ማንም አይመዘገብም። ስለዚህ አንድ ቀን በእትዬ ስም የተጠራች ታማሚ ስትገባ ቀና ብዬ ባይ፣ ሆዷን ይዛ የቆመችው ሃያ ሁለት ዓመት የማይሞላት ልጅ ናት። የካርዱ ፎቶ ላይ ፊት ሳይሆን ሻሽ ነው የሚታየው፤ መዝጋቢው አላስተዋለም። ልጅቱ እኔን ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እትዬ ናት የላከችኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ተኚ» አልኳት። አነሣኋት፤ ትርፍ አንጀቷ ነበር፤ ቶሎ በቀዶ ጥገና ወጥቶላት ዳነች። ደብተሬ ላይም በእትዬ ስም ሆድ ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለቱንም ቁጥሮች በሥርዓቱ።

እውነቱን መጻፍ አልችልም፤ ደብተሩን ሙዲሩ ያየዋል፣ ተቆጣጣሪም ሊያየው ይችላል። ግን ሌላ ነገር ማድረግ እችል ነበር፤ አስቤውም ነበር። በስሟ ጫፍ በእርሳስ አንዲት ነጥብ ባደርግና ባልደረባዬን «ነጥብ ያለበትን መስመር አትቁጠረው» ብለው፣ ለምን ብሎ እንኳ አይጠይቀኝም። እርሳሱን አንሥቼ ነበር። ነገር ግን ያ ገጽ ከላይ እስከ ታች ያለ አንዲት እንከን የተጻፈ ገጽ ነበር፤ ሙዲሩ ለእንግዶች የሚያሳየው እሱን ነው። ነጥቧ አስጠላችኝ። እኔ አውቀዋለሁ፣ ምን ያስፈልጋል ብዬ እርሳሱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ መስኮት ስታጥብ ከመሰላል የወደቀች አንዲት መጣች፤ ራስ ተብሎ ተጻፈ። ሦስተኛዋ ሳሉ አልለቅ ያላት ነበረች፤ ደረት። አራተኛዋ ኩላሊቷ ላይ ጠጠር ነበረባት፤ እንደገና ሆድ። ስምንት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራት ሴቶች በአንዲት ካርድ ገብተው ወጡ። ሁሉም እኔ ያለሁበትን ቀን ጠብቀው ነበር የሚመጡት። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ለእሷ ስም ሲሆን ዓይኔን የምጨፍነውም እኔ ነኝ። አራተኛው መስመር ላይ ስደርስ ደግሞ ደብተሩ ወጥ እንዲሆን ብዬ፣ ለይስሙላ፣ በስሟ ሥር ቀዩን አሰመርኩ።

በዚያው ሰሞን እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ለእትዬ ነገርኳት። «በወረቀት ላይ በካርቱም ውስጥ እንደ አንቺ የታመመ ሰው የለም» አልኳት። ሳቀች። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የመሸፈን ልማድ አላት። «ወላሂ እኔ ራስ ምታት እንኳ አላውቅም» አለችኝ። ትንሽ አሰብ አደረገችና «የተጻፈው ነገር እኔን ይጎዳኝ ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«ወረቀት አያሳምም፣ እትዬ» አልኳት። ምላሴን በቆረጠው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጀብራ ሰፈር የዘመዳችን ልጅ ክርስትና ነበርና ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁ። ቀኑን ስበላ ስጠጣ ዋልኩ። በማግሥቱ ጠዋት ጋዎኔን ሳልለብስ ባልደረባዬ እየፈነደቀ ተቀበለኝ። «ሕግሽ ሠራ! አንዲት ሐበሻ የራስ ስካን ታዞላት መጣች፤ ደብተሩን ባይ አራት ጊዜ ተነሥታለች፣ ቀይ ተሰምሮባታል። ኻልቲ፣ አክስቴ፣ ጨረር በዝቶብሻል፣ ሐኪምሽ ይደውልልኝ ብዬ በትሕትና መለስኳት።» ስሙን አሳየኝ። የእትዬ ስም ነበር።

በዚያች ደቂቃ ያሰብኩትን ደጋግሜ አስታውሳለሁ። ልቤ እትዬ ታመመች አላለኝም። ያቺ ካርድ አንድም ቀን ከባለቤቷ ጋር መጥታ አታውቅም፤ እትዬን ከካርዷ ለይቼ ማሰብ ለምጄ ነበር። አምስተኛዋ ልጅ መጣች አልኩ፤ እኔ የሌለሁበትን ቀን ሳታውቅ መጥታ አንድ ቀን ጉድ ልታፈላ ነው ብዬ በገንኩ። ምን ዓይነት ሴት እንደነበረች፣ ዕድሜዋ ስንት እንደሚሆን ባልደረባዬን መጠየቅ ይቻለኝ ነበር። አንዲት ጥያቄ። አልጠየቅኩም። «ጎበዝ» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት።

እሑድ ጠብቄ እትዬን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር አጠገብ ያዝኳት። ሰላምታዬም ችኮላ ነበረው። «እትዬ፣ አሁንስ ያቺን ካርድ አበዛችሁት!» አልኳት። «ከእንግዲህ በዚያ ስም ማንም እንዳይመጣ። ማንም! እኔ ነኝ የምጠየቀው፤ እንጀራዬን ልታሳጡኝ ነው?» ሰዎች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ድምፄን ዝቅ ባደርግም ፊቴ ቁጡ እንደነበር ይታወቀኛል። እትዬ አቀርቅራ ሰማችኝ። «እሺ፣ የኔ እናት። ማሌሽ» አለችኝ፤ ይቅርታ ማለቷ ነው። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራተተና በግራ እጇ ሰብስባ መለሰችው። ቀኝ እጇ ከጎኗ ወርዶ ነበር። ዓይኔ አይቶታል፤ ምክንያቱም ዛሬም ይታየኛል። በዚያ ጊዜ ግን የኔ ሐሳብ ያለው ደብተሬ ላይ ነበር።

ሦስት ወር አለፈ። በእነዚያ እሑዶች እትዬ እየቀረች መጣች፤ ተቀይማኝ ነው አልኩ። እኔም ኩራት አለብኝ፤ ትመጣለች ብዬ ተውኳት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠፍቶ የነበረው መብራት ተመልሶ ማሽኑ እስኪነሣ እየጠበቅን ሳለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሴት እየገፉ ገቡ። የጣኢፏ እመቤት አብራት ነበረች፤ ዕቃ ቤት ውስጥ ወድቃ አገኘናት፣ አፏም ተሳስሯል ትላለች። ቀና ብዬ አየሁ። እትዬ ናት። ፊቷ ከስቶ፣ የአፏ ቀኝ ጠርዝ ዝቅ ብሎ። ባልደረባዬ ደብተሩን ገለጠና ቀዩን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። «ዝጋው!» ብዬ ጮኽኩበት። በዚያ ክፍል ውስጥ ጮኼ አላውቅም።

ራሷን ማረፊያው ላይ ሳስተካክል ዓይኗን ጨፍና ነበር። ዓይኖቿ ጨረሩ ውስጥ እንዳይገቡ አገጯን በቀስታ ወደ ደረቷ አዘነበልኩ፤ ሁልጊዜ የማደርገው ነው። ጨረሩ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቦታ በሚያስፈልገው ልክ አጠርኩ፤ ከጣት ወርድ አላሳለፍኩም። መቆጣጠሪያው ክፍል ገብቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ምስሎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። በግራ በኩል፣ መሆን በማይገባው ቦታ፣ የሎሚ ያህል ነገር ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ያለው አንጎል አብጦ መሃሉን ወደ ጎን ገፍቶታል። ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። በስክሪኑ ጥግ ሁለቱ ቁጥሮች ወጡ። በዚያ ማሽን ለራስ ካገኘኋቸው ሁሉ ዝቅተኞቹ ነበሩ፤ የፊዚክስ መምህሩ ቢያይ ይኮራብኝ ነበር።

ሪፖርቱ እስኪጻፍ ኮሪደሩ ላይ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። እመቤቷ ወዲያ ማዶ ከሐኪሙ ጋር ታወራለች። እትዬ የምትናገረው ቀስ ብላ፣ ቃሉን እየፈለገች ነበር።

«እትዬ፣ እንዲህ እስክትሆኚ ምነው ቀደም ብለሽ አልመጣሽ?»

«መጥቼ ነበር እኮ» አለችኝ።

«መቼ?»

«የጀብራው ክርስትና ቀን። እጄ ብርጭቆ አልይዝ ሲል ሐኪሙ ጽፎልኝ። ያ ልጅ ክፉ አይደለም፤ ኻልቲ ብሎ ነው ያናገረኝ። ጨረር በዝቶብሻል፣ ሐኪምሽ ይደውል አለኝ። ተማም፣ እሺ ብዬው ሄድኩ።»

«አራት ጊዜ የተነሣሁት እኔ አይደለሁም ብትይውስ?»

«ማን ነው ታዲያ ቢለኝ? ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። አራቱን ልጆች አውጥቼ ልስጥ? ሐኪሙ ጋ ብመለስም ያው ነው፤ የድሮዎቹን ፊልም አምጪ ይለኛል። ከየት አመጣለሁ?»

«እኔስ? እሑድ ለምን አልነገርሽኝም?»

ግራ እጇን አንሥታ ጉንጬን ነካችኝ። «አንቺማ ተቆጣሽኝ፣ የኔ እናት። ማንም እንዳይመጣ አልሽኝ። የመጣሁት እኔ መሆኔን አውቀሽ የተቆጣሽ መሰለኝ።»

እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት። እዚያው ቁጢጥ እንዳልኩ ቀረሁ። እሷ ናት መልሳ ያጽናናችኝ።

የቀዶ ሕክምናው ሐኪም ምስሉን ሲያይ ከሦስት ወር በፊት ቢሆን እሞክር ነበር አለ። አሁን ግን ብነካው የቀረውንም ንግግሯን እወስድባታለሁ አለ። ሰው ሲሞት አብሮ የሚሞት ወሬ ነው ብዬ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ባልደረባዬ በሁለተኛው ቀን መጥቶ «ያቺ የመለስኳት ሴት አይደለችም? አጥፍቻለሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «አንተ ያደረግከው ደብተሩ የሚለውን ነው» አልኩት። እውነት ነው፤ ግን እሱ የጠየቀኝን አልመለስኩለትም። እነዚያ አራት መስመሮች የእሷ እንዳልነበሩ እኔ አውቅ እንደነበር ብነግረው፣ ሸክሙ ከእሱ ወርዶ እኔ ላይ ያርፍ ነበር። ፈራሁ። ጦርነቱ መጥቶ ሁላችንም ከካርቱም ስንበተን ሳልነግረው ተለያየን፤ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ይህም አንድ ራሱን የቻለ ጸጸት ነው።

አሠሪዎቿ አገሯ እንድትገባ አደረጉ፤ ጎንደር እህት አለቻት። ከመሄዷ በፊት ዴም ክፍሏ ሄድኩ። ልብሷ በሁለት ሻንጣ ታስሯል። የዳኑት ልጆች፣ በስሟ የገቡት፣ ሦስቱ እዚያ ነበሩ፤ አንዷ ፀጉሯን ትሠራታለች፣ አንዷ እግሯን ታጥባታለች። ማናቸውም የሆነውን አያውቁም። እትዬ አልነገረቻቸውም፤ እኔንም በዓይኗ አስጠነቀቀችኝ። ከትርፍ አንጀቷ የዳነችው ልጅ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለእኛ የሆንሽውን ያይልሻል» እያለች ስታባብላት መቀመጫ አጣሁ።

ልወጣ ስል ጠራችኝና ትራሷ ሥር በግራ እጇ ፈልጋ ካርዷን ሰጠችኝ። «ገና ሰባት ወር አላት» አለችኝ። ንግግሯ በጣም ደክሟል፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ነበር የምሰማት። «ለጨነቀው ስጪልኝ። አሁን ግን ለይተሽ ጻፊያቸው።» ሌላ ነገር አላለችኝም። ለቅሶዬን ለመደበቅ ቶሎ ወጣሁ፤ ረክሻ ውስጥ ገብቼ እስክጠግብ አለቀስኩ።

ፋሲካ ሳይደርስ መርዶዋ መጣ።

የመጨረሻው ስካኗ ገና ደብተሩ ላይ አልተጻፈም ነበር፤ ያን ቀን «ዝጋው» ካልኩ በኋላ ልገልጠው አልቻልኩም። መርዶው በመጣ በሳምንቱ አንድ ጠዋት፣ ታማሚ ሳይገባ፣ ደብተሩን አወጣሁ። ከቀዩ መስመር ሥር ስሟን ጻፍኩ፤ ራስ ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለቱን ዝቅተኛ ቁጥሮች ጻፍኩ። አምስተኛው መስመር ነው። ከአምስቱ እሷ ራሷ አልጋው ላይ የተኛችበት እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ እርሳሱን ከኪሴ አወጣሁና ከላይ ባሉት አራት መስመሮች፣ በስሟ ጫፍ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ አደረግሁ። አራቱንም ለመጨረስ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ራቅ አድርጌ ገጹን አየሁት። ምንም አልተበላሸም።